የሚሮጥ ሞገድ እንዴት ይቆማል? የኦሲሎስኮፕ ትሪገር አስተካከል ደረጃ በደረጃ

ጅማ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ከሚማሩትም ከሚጠግኑትም ስለ ኦሲሎስኮፕ፣ የኤሌክትሪክ ሲግናልን ስክሪን ላይ በሞገድ መልክ ስለሚስለው መሣሪያ፣ በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሞገዱ ስክሪኑ ላይ ይሮጣል፣ አልቆም አለኝ፣ ምን ላድርግ?» የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ላብ የገባ ተማሪም ይጠይቃል፤ መርካቶ ያገለገለ ኦሲሎስኮፕ ገዝቶ ቴሌቪዥንና ኢንቨርተር የሚጠግን ባለሙያም ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው አውቶሴትን (መሣሪያው ራሱን እንዲያስተካክል የሚያደርገውን ቁልፍ) ደጋግሞ ተጭኖ ሳይሳካለት ሲቀር ነው የሚደውለው። አውቶሴት ለቀላል ሲግናል ይሠራል፤ ሲግናሉ ትንሽ ሲወሳሰብ ግን ይስታል። ስለዚህ በእጅ ማስተካከሉን ልመዱት፤ ከለመዳችሁት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በመጀመሪያ ትሪገር ምን እንደሚሠራ እንይ። ኦሲሎስኮፕ ስክሪኑን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ይስላል። እያንዳንዱ ሥዕል ከሞገዱ ተመሳሳይ ነጥብ ላይ ከተጀመረ ሥዕሎቹ በላይ በላዩ ይነባበሩና አንድ የቆመ ሞገድ ይታያል። አንዱ ከመካከል፣ ሌላው ከጫፍ ከተጀመረ ግን ሞገዱ ይንሸራተታል ወይም ብዙ መስመር ተደራርቦ ይጨናነቃል። ገመድ የምትዘል ልጅ ገመዱ መሬት በነካ ቁጥር እንደምትነሣ ሁሉ፣ ኦሲሎስኮፑም መሳል የሚጀምርበትን ጊዜ የሚነግረው አንድ ቋሚ ነጥብ ይፈልጋል። ያን ነጥብ የምትመርጡለት እናንተ ናችሁ። ከታች ያለው ደረጃ ሁሉ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ በእኔ ሲግናል ላይ በየዙሩ አንዴ ብቻ የሚገኝ ነጥብ የቱ ነው?

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ቻናል ያለው ኦሲሎስኮፕ። ዲጂታልም አናሎግም ይሆናል፤ ልዩነት ሲኖር በየቦታው እናገራለሁ።
- 10ኤክስ (ሲግናሉን ለአሥር የሚያካፍል ቅንብር) ላይ የሚቀመጥ ፕሮብ (የመለኪያ ገመድ) ከነግራውንድ መቆንጠጫው።
- ለፕሮብ ማስተካከያ የምትሆን ጠባብ ካቻቢቴ፣ ቢቻል ፕላስቲክ።
- መልቲሜትር።
- መሬት ያለው ሶኬት። ዲቫይደር የምትጠቀሙ ከሆነ የመሬት መስመሩ እስከ ግድግዳው ድረስ መድረሱን አረጋግጡ።
- መለማመጃ ሲግናል። ይህ ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ ኦሲሎስኮፑ ፊት ለፊት ላይ ፕሮብ ማስተካከያ የሆነች ትንሽ ብረት አለች። በአብዛኛው 1 ኪሎ ኸርዝ ካሬ ሞገድ ትሰጣለች።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

የፕሮቡ ግራውንድ መቆንጠጫ በኦሲሎስኮፑ ውስጥ አልፎ በመሰኪያው ገመድ ከመሬት ጋር የተገናኘ ነው። ከ220 ቮልት መስመር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነጥብ ላይ ከቆነጠጣችሁት ያ ነጥብ ወዲያው ከመሬት ጋር ሾርት ይሆናል። የቴሌቪዥን፣ የቻርጀርና የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የመጀመሪያው ክፍል እንዲህ ያለ ቦታ ነው፤ እዚያ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ላይ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ አለ፤ መሰኪያው ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ካፓሲተሩን በሪዚስተር አውርዱትና ባዶ መሆኑን በመልቲሜትር አረጋግጡ። የግድ እየሠራ መለካት ካለበት የሚጠገነውን ዕቃ በአይሶሌሽን ትራንስፎርመር (ከመብራት መስመሩ በሚነጥል ትራንስፎርመር) በኩል ስኩት ወይም ዲፈረንሻል ፕሮብ (በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ የሚለካ) ተጠቀሙ።

የኦሲሎስኮፑን የመሬት እግር ቆርጦ «አሁን ነጻ ሆነ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ይህን በፍጹም አታድርጉ። እግሩ ሲቆረጥ ሾርት አይፈጠርም፤ በምትኩ የኦሲሎስኮፑ ብረት አካልና የነካችሁት መሰኪያ ሁሉ 220 ቮልት ይሸከማል። የሁለቱ ቻናል ግራውንዶችም በውስጥ አንድ መሆናቸውን አትርሱ፤ ሁለት የተለያየ ቮልቴጅ ያላቸው ነጥቦች ላይ መቆንጠጥ አይቻልም።

ደረጃዎቹ

1. ፕሮቡን ከመለማመጃ ሲግናሉ ጋር አገናኙ

ፕሮቡን ቻናል 1 ላይ ሰክታችሁ ጫፉን ማስተካከያዋ ብረት ላይ፣ መቆንጠጫውን አጠገቧ ያለው ግራውንድ ላይ አድርጉ። ፕሮቡ ላይ ያለችው ማብሪያ 10ኤክስ ላይ ከሆነች የቻናሉም ሜኑ 10ኤክስ ይሁን። ሁለቱ ካልተስማሙ ስክሪኑ ላይ የምታነቡት ቮልት አሥር እጥፍ ይሳሳታል፤ በኋላ ሌቭሉን «2.5 ቮልት» ብላችሁ ስታስቀምጡ እውነተኛው ሌላ ነው ማለት ነው። የካሬው ማዕዘን የተንጋደደ ወይም የሾለ ከሆነ ፕሮቡ ላይ ያለችውን ጠባብ ብሎን በካቻቢቴ እያዞራችሁ ማዕዘኑን ቀጥ አድርጉ።

በምታውቁት ሲግናል መጀመር ጥቅም አለው። ሞገዱ እዚህ ካልቆመ ችግሩ በቅንብሩ፣ በፕሮቡ ወይም በመሣሪያው ነው፤ በምትጠግኑት ሰርኪት ማሳበብ አትችሉም።

2. ትሪገሩን ከመንካታችሁ በፊት ቁመቱንና ጊዜውን አስተካክሉ

ሲግናሉ ከስምንቱ የቁመት ክፍሎች ከ4 እስከ 6 ያህሉን እንዲሞላ ቮልት በክፍል የሚለውን አዙሩ። ምክንያቱም በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ትሪገሩ ሲግናሉን የሚያየው ከቁመት ማጉያው በኋላ ነው፤ ስክሪን ላይ ግማሽ ክፍል የማትሞላ ሞገድ ለእሱ ከኖይዝ (ከማይፈለግ ረብሻ) ብዙም አትለይም።

የጊዜውን ማዞሪያ 200 ማይክሮ ሰከንድ በክፍል ላይ አድርጉ። አሥር ክፍል ባለው ስክሪን 2 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፤ የ1 ኪሎ ኸርዝ አንድ ዙር 1 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ሁለት ዙር ይታያል። የማታውቁትን ሲግናል ስትለኩ ከፈጣኑ ጀምራችሁ ወደ ዝግተኛው ውረዱ። ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ጊዜው በጣም ዝግ ሲል ናሙና የሚወስድበት ፍጥነት ይቀንስና የሌለ ዝግተኛ ሞገድ ሊያሳያችሁ ይችላል። ይህ ሐሰተኛ ሞገድ ይሮጣል፤ ሌቭሉን ብታዞሩትም አይቆምም። ብዙ ሰው ትሪገሩ ተበላሸ ብሎ የሚደመድመው እዚህ ላይ ነው።

3. ሁሉንም ወደ መነሻው መልሱ

ሞድ አውቶ፣ የትሪገር ዓይነት ኤጅ (ሲግናሉ ሌቭሉን ሲያልፍ የሚነሣው)፣ ኮፕሊንግ ዲሲ (ሲግናሉ ሳይጣራ የሚገባበት)፣ ሆልድኦፍ (ደረጃ 8 ላይ ይብራራል) ዝቅተኛው፣ የአግድም ቦታ ዜሮ። ላብ ውስጥ መሣሪያውን ከእናንተ በፊት የተጠቀመው ሰው ምን ትቶበት እንደሄደ አታውቁም፤ ብዙው ዲጂታል ደግሞ ጠፍቶ ሲበራም የቀድሞውን ቅንብር ይዞ ይነሣል።

አውቶ ላይ የምንጀምረው ትሪገር ባይገኝም ሥዕል ስለሚስል ነው። ሞገዱ ቢሮጥም ሲግናል መኖሩን፣ የት ከፍታ ላይ እንዳለ ታያላችሁ።

4. ሶርሱን ምረጡ

ሶርስ ማለት ትሪገሩ የሚከታተለው ሲግናል የሚመጣበት መስመር ነው። ሲግናሉ ቻናል 1 ላይ ከሆነ ሶርሱም ቻናል 1 ይሁን። ሶርሱ ቻናል 2 ወይም ኤክስተርናል (የውጭ ትሪገር መግቢያ) ላይ ቀርቶ ከሆነ ሌቭሉን ቀኑን ሙሉ ብታዞሩት ሞገዱ አይቆምም፤ ትሪገሩ የሚጠብቀው ባዶ መስመር ላይ ነው። «አልቆም አለኝ» ብለው ከሚጠይቁኝ ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ሆኖ ይገኛል።

ሁለት ሲግናል በአንድ ላይ የምታዩ ከሆነ ሶርሱ ዝግተኛው ይሁን። ለምሳሌ ቻናል 1 ላይ 1 ሜጋ ኸርዝ ክሎክ፣ ቻናል 2 ላይ ከእሱ በ8 ተካፍሎ የወጣ 125 ኪሎ ኸርዝ አለ እንበል። በፈጣኑ ላይ ትሪገር ብታደርጉ በዝግተኛው አንድ ዙር ውስጥ ስምንት ተመሳሳይ መነሻ ነጥቦች አሉ፤ ኦሲሎስኮፑ ካገኘው ላይ ይጀምራል፣ ዝግተኛው ሞገድም በተለያየ ቦታ ተደራርቦ ይታያል። በዝግተኛው ላይ ስታደርጉት ግን ነጥቡ በየዙሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ይቆማሉ።

አናሎግ የያዛችሁ ተጠንቀቁ፦ ለእያንዳንዱ ቻናል በየተራ ትሪገር የሚያደርግ ቅንብር አለ። ሁለቱንም ያቆማቸዋል፤ በመካከላቸው የሚታየው የጊዜ ልዩነት ግን እውነት አይደለም። የፌዝ ልዩነት ለመለካት አትጠቀሙበት።

5. ሌቭሉን በሲግናሉ ውስጥ አስገቡ

ዋናው ሥራ ይኼ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ሌቭል ማለት ሲግናሉ ሲያልፍበት ሥዕሉ የሚጀመርበት የቮልት መስመር ነው። መስመሩ ከሞገዱ ጫፍ በላይ ወይም ከታችኛው በታች ከሆነ ሲግናሉ በፍጹም አያልፍበትም፣ ትሪገርም አይኖርም።

መለማመጃው ከ0 እስከ 5 ቮልት የሚወጣ ከሆነ (3 ቮልት የሚሰጡም አሉ) ሌቭሉን 2.5 ላይ አድርጉ። ሞገዱ ቀጥ ይላል። አሁን ማዞሪያውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ አዙሩ። 3 ላይ እንደቆመ ነው፤ 4 ላይም እንደቆመ ነው፤ ጫፉ አካባቢ ሲደርስ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ 5ን ሲያልፍ ስክሪኑ አናት ላይ «ትሪግድ» ይል የነበረው ጽሑፍ ወደ «አውቶ» ይቀየርና ሞገዱ ይሮጣል። ወደ ታች መልሱት፤ ከ0 በታች ሲወርድም ያው ነው። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ በእጃችሁ ሞክሩት። ሌላ ቦታ የሚሮጥ ሞገድ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የምታዩት የሌቭሉ ምልክት ከሞገዱ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ የሚለውን ይሆናል።

ማዞሪያውን ስትጫኑት ሌቭሉን መሃል ላይ የሚያስቀምጡ ሞዴሎች አሉ። ለሳይንና ለካሬ ሞገድ ጥሩ አቋራጭ ነው። ሳይን ላይ ትሪገሩ ሲግናሉ ሲወጣ የሚነሣ ከሆነ፣ ሌቭሉን ከፍ ስታደርጉ ሞገዱ በመጠኑ ወደ ግራ ይገፋል፤ ትሪገር የሚደረግበት የሞገዱ ነጥብ ስለተቀየረ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

አንድ ወጥመድ አለ። ቻናሉን ከዲሲ ወደ ኤሲ ኮፕሊንግ (የዲሲውን ክፍል ወደሚያስቀረው) ስትቀይሩ ከ0 እስከ 5 የነበረው ካሬ ሞገድ ከ-2.5 እስከ +2.5 ይሆናል። 2.5 ላይ የነበረው ሌቭል አሁን ጫፉ ላይ ሆነ፤ ሞገዱ ድንገት መሮጥ ይጀምራል። ሌቭሉን ወደ 0 አውርዱት።

6. ስሎፑን ምረጡ

ሲግናሉ ሌቭሉን በየዙሩ ሁለቴ ያልፈዋል፦ ሲወጣና ሲወርድ። ስሎፑ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ለተመጣጣኝ ሞገድ የቱም ይሆናል። ለፒደብሊውኤም (የፐልሱን ስፋት በመለወጥ ኃይልን ለሚቆጣጠር ሲግናል) ግን ለውጥ አለው። የኤልኢዲ ብርሃን ወይም የሞተር ፍጥነት በሚቆጣጠር ፒደብሊውኤም በአብዛኛው መውጫው ጠርዝ ቋሚ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው መውረጃው ነው። በመውጫው ላይ ትሪገር ስታደርጉ አንዱ ጠርዝ ቆሞ ሌላው ብቻ ሲሄድ ሲመጣ ታያላችሁ፣ ስፋቱንም ትለካላችሁ። በመውረጃው ላይ ካደረጋችሁት ቋሚው ጠርዝ የሚዋዥቅ ይመስላል።

በዕረፍት ጊዜው ከፍ ብሎ የሚቆይ ሲግናል፣ እንደ ሪሴት መስመር ወይም እንደ ሲሪያል ዳታ ያለ፣ መውረጃ ስሎፕ ይፈልጋል፤ ነገሩ የሚጀመረው ሲወርድ ነውና።

7. ኖይዝ ካለ የትሪገሩን ኮፕሊንግ ተጠቀሙ

ሲግናሉ በዝግታ የሚወጣ ሆኖ ኖይዝ ከተጫነበት፣ ሌቭሉን አንዴ በማለፍ ፈንታ ወደ ላይ ወደ ታች እያለ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ውጤቱ እንግዳ ነው፦ ስሎፑ መውጫ ላይ እያለ አንዳንዱ ሥዕል ከመውረጃው ይጀምራል፣ ሁለት የተገለባበጡ ሞገዶችም ተደራርበው ይታያሉ።

ኖይዙ ከሲግናሉ ፈጣን ከሆነ ኤችኤፍ ሪጀክት አድርጉ። ሲግናሉ ፈጣን ሆኖ የ50 ኸርዝ ሃም (ከመብራት መስመር የሚመጣ ረብሻ) ከሥር ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ከሆነ ኤልኤፍ ሪጀክት። ኖይዝ ሪጀክት የሚል ካለ ደግሞ ትሪገሩ ጥቃቅን ለውጥን እንዲንቅ ያደርገዋል። እነዚህ የሚያጣሩት ትሪገሩ የሚያየውን ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሞገድ ኖይዙን እንደያዘ ይቀጥላል። የግራውንድ መቆንጠጫውን ከምትለኩት ነጥብ አጠገብ ማስያዝ ደግሞ ኖይዙን ራሱን ይቀንሳል፤ ከማጣሪያው በፊት እሱን ሞክሩ።

8. ሲግናሉ በቡድን የሚመጣ ከሆነ ሆልድኦፍ

እስካሁን ያለው ሁሉ ልክ ሆኖ ሞገዱ ካልቆመ፣ ምናልባት በየዙሩ ሌቭሉን በአንድ አቅጣጫ ብዙ ጊዜ የሚያልፍ ሲግናል ይዛችኋል። ምሳሌ፦ በ100 ማይክሮ ሰከንድ ልዩነት አራት ፐልስ ይመጣል፣ ከዚያ ዝምታ፣ ቡድኑ በየ2 ሚሊ ሰከንዱ ይደገማል። ለትሪገሩ አራቱ ፐልሶች አንድ ናቸው፤ አንዴ ከመጀመሪያው፣ አንዴ ከሦስተኛው ሊጀምር ይችላል።

ሆልድኦፍ ማለት አንዴ ትሪገር ካደረገ በኋላ ሌላውን ሳያይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ከቡድኑ ርዝመት የበለጠ፣ ከድግግሞሹ ያነሰ አድርጉት፤ እዚህ 1 ሚሊ ሰከንድ ይስማማል። በአጋጣሚ ከሦስተኛው ፐልስ ቢጀምር እንኳ 1 ሚሊ ሰከንዱ የሚያልቀው በዝምታው መካከል ነው፤ ቀጥሎ የሚያገኘው የአዲሱን ቡድን የመጀመሪያ ፐልስ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ አይለቀውም። አናሎግ ላይ ቆጠራው በአብዛኛው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ስለሚጀምር ቁጥር አትፈልጉ፤ ሞገዱ እስኪቆም ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ስትጨርሱ ወደ ዝቅተኛው መልሱት።

9. አልፎ አልፎ ለሚመጣ ሲግናል ኖርማል፣ አንዴ ብቻ ለሚመጣ ሲንግል

አውቶ ለጥቂት ጊዜ ጠብቆ ትሪገር ካላገኘ በራሱ ይስላል። ሲግናሉ ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ ይህ ትዕግሥት ማጣቱ ሥዕሉን ያበላሻል። ኖርማል ግን ትሪገር ካልመጣ አይስልም። ወደ ኖርማል የምትሄዱት ሌቭሉን አውቶ ላይ ካስተካከላችሁ በኋላ ይሁን፤ አለዚያ ባዶ ስክሪን ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ጥንቃቄ፦ ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ኖርማል ላይ ሲግናሉ ከጠፋ በኋላም የመጨረሻውን ሥዕል ይዞ ይቆያል። ስክሪኑን አይታችሁ «ቮልቴጅ አለ» ወይም «የለም» ብላችሁ እጃችሁን ወደ ቦርዱ አትስደዱ፤ በመልቲሜትር አረጋግጡ።

ሲንግልን ለመለማመድ የ5 ቮልት አዳፕተር መውጫ ላይ ፕሮቡን አድርጉ። አዳፕተሩ ጠፍቶ ይቆይ። ሌቭል 2 ቮልት፣ ስሎፕ መውጫ፣ ጊዜ 10 ሚሊ ሰከንድ በክፍል። ሲንግልን ተጫኑ፤ «ሬዲ» እስኪል ጠብቁ፤ ከዚያ አዳፕተሩን አብሩ። ቮልቴጁ ሲወጣ አንዴ ተቀርጾ ይቆማል፤ ወጥቶ ይወርድ እንደሆነ፣ ይዘገይ እንደሆነ በእርጋታ ታያላችሁ። «ሬዲ» ከማለቱ በፊት ካበራችሁ ያመልጣችኋል።

የሲሪያል ዳታም ሲንግል ይወዳል። በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት አንዱ ቢት 104 ማይክሮ ሰከንድ፣ አንድ ፊደል ከነመጀመሪያና መጨረሻ ቢቱ 1.04 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ለ3.3 ቮልት መስመር ሌቭሉን 1.6፣ ስሎፑን መውረጃ፣ ጊዜውን 200 ማይክሮ ሰከንድ አድርጉ። ኖርማል ላይ ፊደላቱ ስለሚለያዩ ሥዕሉ ይደራረባል፤ ትሪገሩ ልክ ነው፣ ሲግናሉ ነው የተለወጠው።

10. ከመብራት ጋር ለተያያዘ ነገር ላይን ሶርስ

ፓወር ሰፕላይ ላይ ሪፕል (ዲሲው ላይ የሚቀር ትንሽ መዋዠቅ) ስትፈልጉ ቻናሉን ኤሲ ኮፕሊንግ፣ 50 ሚሊ ቮልት በክፍል፣ ጊዜውን 5 ሚሊ ሰከንድ በክፍል አድርጉና ሶርሱን ላይን በሉት። ትሪገሩ ከኦሲሎስኮፑ የራሱ መሰኪያ 50 ኸርዙን ይወስዳል። ሪፕሉ ቀጥ ብሎ ከቆመና በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ አምስት ጉብታ ካያችሁ 100 ኸርዝ ነው፤ ከሬክቲፋየሩ የመጣ ስለሆነ ፊልተር ካፓሲተሩን ፈትሹ። ሪፕሉ እየሮጠ ከቀጠለ ግን ምንጩ መብራቱ አይደለም፤ በሌላ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ስዊቺንግ ክፍል ወይም ሌላ ሰርኪት ፈልጉ።

መብራት ጠፍቶ ስትሠሩ ግን ይህን አስተውሉ። ኦሲሎስኮፑ በኢንቨርተር፣ የሚለካው ዕቃ በጄኔሬተር የሚሠራ ከሆነ ሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች አይገጣጠሙም፤ ላይን ላይ ሞገዱ ይሮጣል። ትንሽ ጄኔሬተር ደግሞ ጭነት ሲጨመርበት ፍጥነቱ ይወርዳል። ሁለቱንም ከአንድ ምንጭ ስኩ፣ ወይም ሶርሱን ወደ ቻናል 1 መልሱ። በባትሪ የሚሠራ ኦሲሎስኮፕ ላይ ላይን የሚባለው ምርጫ አይገኝም።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

- ሲግናሉ ሲሮጥ ስቶፕ ተጭኖ «ቆመ» ማለት። የቆመው ሥዕሉ ነው፤ ትሪገሩ እንደተሳሳተ ነው፤ ሲግናሉ ሲቀየርም አታዩም።
- የአግድም ቦታው ሩቅ ተገፍቶ ትሪገር ነጥቡ ከስክሪኑ ውጭ መሆኑ። ከትሪገር ነጥቡ የራቀው የሞገዱ ክፍል ትንሿን የፍሪኩዌንሲ መዋዠቅ አጉልቶ ያሳያል። ዜሮ ላይ መልሱት።
- የትሪገር ዓይነቱ ፐልስ ወይም ቪዲዮ ላይ ቀርቶ በኤጅ ሕግ ማስተካከል።
- የ20 ሚሊ ቮልት ሲግናል በ10ኤክስ መለካት። መሣሪያው ጋ የሚደርሰው 2 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። ፍሪኩዌንሲው ዝቅተኛ ከሆነ ወደ 1ኤክስ ቀይሩ፣ ሜኑውንም አብራችሁ።
- የግራውንድ መቆንጠጫውን ሳያያዙ መለካት። ስክሪኑን የሚሞላው የ50 ኸርዝ ሃም ነው፤ ጣታችሁን ስታቀርቡ ከፍ ዝቅ ይላል።
- የቆመ የሚመስል ሞገድ ሳይፈትሹ ማመን። ብዙ ዲጂታል መሣሪያዎች የትሪገሩን ፍሪኩዌንሲ ስክሪኑ ጥግ ላይ ይጽፋሉ። መለማመጃው ላይ 1 ኪሎ ኸርዝ ማለት አለበት። 2 ኪሎ ኸርዝ ካለ በየዙሩ ሁለቴ ትሪገር እያደረገ ነው፤ ወደ ደረጃ 7 ተመለሱ። ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ሌቭሉ ጫፍ ላይ ነው፤ ወደ መሃል አምጡት።